ለማላኪ አውድማ የተላኩ እጆች

የቱሂዎችን ዳገት ስንወጣ የእንፋሎት ሞተሬ እንደ አሮጊት አቃሰተ። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። የብረት ጎማዎቹ የሌሊቱን ጭቃ ይዝቃሉ፣ ከኋላ የተጠመደው የመውቂያ መኪና ይንገጫገጫል፣ የከሰሉ ጢስ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ወንድሜ ባርትሊ መኪናው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ «ሉክ! ቀስ በል! አጥሩን ልትበላው ነው እኮ!» ይለኛል። በየመስከረሙ ይህን ዳገት ስወጣ አንድም ቀን አጥር በልቼ አላውቅም። ባርትሊ ግን ካልጮኸ የሠራ አይመስለውም።

አትራክታ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ቆማለች። የማላኪ ቱሂ እህት ናት። እሷም አላገባች፣ እሱም አላገባ፤ እናት አባታቸው ካረፉ ወዲህ እዚያው ቤት አንድ ላይ ቀርተዋል። ነጭ ሽርጥ ታጥቃ እጅጌዋን ወደ ላይ ጠቅልላለች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ድንቹ ተልጧል፣ ጎመኑ ተከትፏል፣ የአሳማ ስጋው ከትናንት ጀምሮ እሳት ላይ ነው። ለሃያ ሰው ነው ያሰናዳሁት። ይበቃል ትላለህ ሉክ?»

«ይተርፋል» አልኳት።

ወዲያው ምላሴን ብነክሰው ወደድኩ፤ ሰው ላይመጣ ይችላል ያልኳት መሰለብኝ። አትራክታ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆና በሩን ለቀቀችልኝ።

ማላኪ ክምሩ ላይ ወጥቶ ነበር። የአባቱን የተጣፈ ካፖርት ለብሶ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ በታች በሲባጎ አስሮ፣ መንሹን እንደ ዘበኛ ተደግፎ ቆሟል። እዚህ ቆሞ ያየው ሰው ከሰኔ ጀምሮ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ደብሊን ምክር ቤት ውስጥ ሚኒስትሮች ፊት የሚቀመጥ ሰው ነው ቢሉት አያምንም። ገና በሰኔ የተመረጠው ምክር ቤት በነሐሴ መጨረሻ ፈረሰና አገሩ እንደገና ለምርጫ ተጠራ። ምርጫው ሐሙስ ነው፤ እኛ መኪናውን ያቆምነው ሰኞ ነው። ሌላው ተወዳዳሪ ሁሉ በየገበያው ጋሪ ላይ ወጥቶ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮሃል። ማላኪ ግን የገዛ አገሩን ሰው ያውቃል። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው መንሹን ትከሻው ላይ አድርጎ አውድማህ ድረስ ከመጣ፣ ድምፁንም ይዞልህ መጥቷል ማለት ነው። ካልመጣ ደግሞ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ሳጥን ተከፍቶ እስኪቆጠር መጠበቅ አያስፈልግህም።

ሞተሩን አደላድለን ቺንጋውን ከመውቂያው መኪና ጋር ካገናኘን በኋላ የሞተሩን ፉጨት ገመድ ረዘም አድርጌ ሳብኩት። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ፉጨቱ ሲሰማ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። ማንም ማንንም አይጠራም፣ ማንም ማንንም አያመሰግንም። ዛሬ አንተ ትመጣልኛለህ፣ ነገ እኔ እመጣልሃለሁ። እጅ የሚመለሰው በእጅ ነው።

ጠበቅን። መንገዱ ላይ ከአንድ ውሻ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

«ላሞቹን እያለቡ ነው» አለ ማላኪ ከላይ ሆኖ።

«ይሆናል» አልኩት።

«ድጋሚ ንፋው እስኪ።»

ድጋሚ ነፋሁት።

ምን እየጠበቅን እንደነበር ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ማላኪን እንደራሴ ያደረገው ንግግር አይደለም፤ ሲናገር ይንተባተባል፣ አራት ቃል ተናግሮ ባርኔጣውን ያስተካክላል። ያስመረጠው መንሹ ነው። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ከማንም ደቦ ቀርቶ አያውቅም። የክምሩ አናት የእሱ ቦታ ነበር፤ ነዶውን ከላይ ወደ መኪናው አፍ ሲወረውር እጁ ስቶ አያውቅም። በሰኔ ያሸነፈ ዕለት ይህን ሞተሬን በአበባና በቅጠል ሸፍነን፣ እሱን ከኋላ ጋሪ ላይ አቁመን ከተማውን አዞርነው። ፉጨቱን እየሳብኩ እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቀዋለሁ።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። ዲሊያ ኪልቤን የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለችን። ባሏ ኮልማን የማላኪ የልብ ጓደኛ ነበር። ከዓመታት በፊት ወንዛችን በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ ጥጃ አወጣለሁ ብሎ ገብቶ ቀረ። ማላኪ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ በዲሊያ አውድማ የመጀመሪያው መንሽ የእኔ ነው» ብሎ ቃል ገባ። ቃሉንም ጠብቆ ኖሯል። እንደራሴ በሆነበት ዓመት ግን የዲሊያ አጃ ቀድሞ ደረሰ፤ የምትወቃበት ቀንና ማላኪ ምክር ቤት ቆሞ «ወንዛችን ይጠረግ፣ ዳርቻው ይገደብ» ብሎ የሚከራከርበት ቀን አንድ ላይ ዋለ። ወንዙ ኮልማንን የበላ ወንዝ ነው። ሰውየው ምን ያድርግ? ደብሊን ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ሰው ይቅር ባለው። እሱ ግን የሆነ ነገር ማድረግ አለብኝ ብሎ፣ ለከተማው ባለ ሱቅ ቴሌግራም ልኮ፣ ጉልበተኛ የቀን ሠራተኛ አስቀጥሮ በእሱ ምትክ ወደ ዲሊያ አውድማ ላከ።

እኔ ያን ቀን እዚያው ሞተሬ አጠገብ ነበርኩ። አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ከነመንሹ መጣና ዲሊያ ፊት ቆመ። «ማነህ ልጄ?» አለችው። «የአቶ ቱሂ ምትክ ነኝ፤ ደመወዜ ተከፍሏል» አላት። ዲሊያ ጎረምሳውን ወደ ቤት አስገባችው፣ ስጋና ድንች በሰሃን ሞልታ አቀረበችለት፣ ሲጠግብ ጠብቃ «እግዚአብሔር ይስጥህ። በል አሁን ሂድ። በዚህ ቤት ሰው አይከራይም» አለችው። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለም። የእኛ ሰው ሲቆጣ አይጮህም፤ ዝም አይነቅዝም ብሎ ያስቀምጠዋል። የወንዙም ጉዳይ ድምፅ ሳይሰጥበት ምክር ቤቱ ፈረሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህንን ነው።

«መጡ!» አለች አትራክታ።

እውነትም ከኮረብታው ማዶ ሰዎች ብቅ አሉ። ብዙ ናቸው፤ ሁሉም መንሽ ይዘዋል። አትራክታ በሽርጧ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ምድጃዋ ሮጠች። ማላኪ ክምሩ ላይ ሆኖ ባርኔጣውን አውልቆ አውለበለበ። እኔም ሞኙ ደስ ብሎኝ ፉጨቱን ሳብኩት። ሲቀርቡ ግን ፊታቸውን አየሁ። አንዱንም አላውቀውም።

ከፊት የነበረው ረጅም ሰው ማዮ ከሚባለው ሌላ ወረዳ የመጣ ነበር፤ አነጋገሩ ያስታውቃል።

«የቱሂ ቤት ይሄ ነው ወንድሜ?»

«ነው።»

«እኔ የጋነን ምትክ ነኝ። ይሄ የኪልቤን ምትክ ነው። እነዚያ ወንድማማቾች የመንገድ ማዕዘኑ አንጥረኛና የወፍጮ ቤቱ ሰው ምትኮች ናቸው። ሌሎቹም እንደዚሁ ከየቤቱ ናቸው።» ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «እንዲህ በሉ ብለውናል፤ ደመወዛችን ተከፍሏል።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በኋላ እንደሰማሁት ዲሊያ ምትኳን የምትቀጥርበት ገንዘብ ለማግኘት ለቅዱስ ሚካኤል በዓል የምታደልባቸውን ሁለት ዝይ ሸጣለች። ሽማግሌው ፌስተስ ጋነን ትምባሆውን ትቷል። ድሃ አገር ነው እኮ የእኛ አገር፤ ሰው ቂሙን ለመወጣት ከአፉ ይቀንሳል።

ወደ ማላኪ ለማየት አልደፈርኩም። ባርትሊ ግን ደሙ ፈላ። «መልሳቸው ማላኪ! እኔ፣ አንተና ሉክ ሳምንትም ይፍጅብን እንወቃዋለን!»

ማላኪ ባርኔጣውን ቀስ ብሎ መልሶ አጠለቀ።

«አጃው ሌላ ዝናብ አይችልም» አለ። «ደግሞ እነሱ ምን አጠፉ? ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሞተሩን አስነሳ ሉክ።»

አስነሳሁት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ነዶ ሳይወድቅ፣ ጆንያ ሳይቀደድ፣ ገለባው በወጉ እየተከመረ ሄደ። ሰዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። የጎደለው ጫጫታው ነው። በእኛ ደቦ አንዱ የሌላውን ሚስት ያማል፣ ያኛው የጓደኛው ባርኔጣ ውስጥ አይጥ ይጨምራል፣ ስድቡ ከመኪናው ድምፅ በላይ ይሰማል። ያን ቀን የሰማሁት የመኪናዬን ድምፅ ብቻ ነው። ማላኪም ከክምሩ አናት ላይ አንድም ጊዜ ሳያርፍ ወረወረ፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

ምሳ ላይ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ጥቅጥቅ ብለው ተቀመጡ። አትራክታ ስጋና ጎመኑን አቀረበች። ማላኪ ራሱ እየዞረ ጥቁሩን ቢራ ቀዳላቸው፤ ቀሚስ የለበሰች አሳላፊ ቢቀጥር እንኳ እንደዚያ ዝቅ ብላ አትቀዳም። ሰዎቹ ከሞቃቸው በኋላ መጫወት ጀመሩ።

«ባለቤቱ የትኛው ነው?» አለ ከወንድማማቾቹ አንዱ።

«የሚቀዳልህ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

«እውነት? እንደራሴ ነው ያሉን እሱ ነው? እንደራሴ ከሆነ ሆዱ የት አለ?»

«ሆዱ ደብሊን ቀርቶ ይሆናላ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የማዮው ሰው እንደማፈር ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልን ጌታዬ፣ ቢራው ነው የሚናገረው» አለ።

«ግድ የለም» አለ ማላኪ። «ሆድ ለማብቀል ጊዜ አልሰጡኝም።»

ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ወደዱት። አንዱ ብርጭቆውን አንስቶ «በእኛ በኩል ቢወዳደሩ ቤተሰቡን ሁሉ ይዤ እመርጥዎት ነበር! ስጋዎም ጥሩ ነው!» አለው። ሌሎቹም ጠረጴዛውን ደበደቡ። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ጠረጴዛው ሞልቶ ነበር፣ ሁሉም ማላኪን ወዶታል፣ በእኛ ወረዳ ግን አንዳቸውም ድምፅ የላቸውም።

ከምሳ በኋላ ለሞተሩ ውኃ ልቀዳ በጓዳ በኩል ስዞር ፌስተስ ጋነንን የኋላ በር ላይ አገኘሁት። ነገ የምንወቃው የእሱን ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከደፉ ውጭ ቆሟል። ማላኪ ከውስጥ ወጣ። ፊቱ እንዴት እንደበራ መናገር ይከብደኛል።

«ፌስተስ! ግባ እንጂ! ምን ያስቆምሃል? አትራክታ፣ ሰሃን አምጪ!»

«የለም፣ የለም፣ ቆሜ ይበቃኛል። አላስቸግርህም ማላኪ።» ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «የጡረታዬ ነገር ነው። ሰባ ዓመት መሙላቴን የሚያውቅ እንደራሴ ይፈርምልህ ብለውኛል። እና… እስከ ሐሙስ ያንተ ፊርማ ይሠራል ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

ማላኪ ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቶ፣ ከውስጥ ኪሱ ብዕር አውጥቶ ፈረመ። እስኪደርቅ በትንፋሹ እፍ እያለበት፣

«ፌስተስ፣ ሐሙስ ዕለት…» አለ።

«ተው አንተ ልጅ፣ አትጠይቀኝ። ከጠየቅኸኝ እዋሽሃለሁ፤ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ መዋሸት አልፈልግም።»

«የቀረሁት ለወንዙ ብዬ እኮ ነው! ያንተንም መሬት ነው የሚበላው፣ የዲሊያንም፣ የሁላችንንም። ይህን አታውቁም?»

«እናውቃለን። ጋዜጣው ላይ ቄሱ አንብበውልናል። ጥሩ ተናግረሃል አሉ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ሽማግሌው ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ወንዙ ይበላናል ማላኪ፤ አባቶቻችንንም በልቷል፣ ለምደነዋል። የሚያወጣን ግን ሁልጊዜ የጎረቤት እጅ ነበር። አንተ ለዲሊያ እጅህን ከለከልካትና ዋጋውን ላክህላት። እጅ ዋጋ ካለው እኮ ነገ ድሃው ምን ሊይዝ ነው?» ባርኔጣውን አደረገ። «ስለ ፊርማው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሲሄድ ማላኪ ሰሃኑን ይዛ ከመጣችው አትራክታ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ ሞተረኛ ነኝ፤ ከአውድማ አውድማ ስለምዞር የማንም ጎረቤት አይደለሁም፣ በማንም ነገር አልገባም። ያን ጊዜ ግን አንጀቴ ተቃጠለ። ለማላኪ ይሁን፣ ለፌስተስ ይሁን፣ ለሞኙ ወንዝ ይሁን አላውቅም።

በማግስቱ መኪናውን ፌስተስ አውድማ ላይ አቆምን። ፉጨቱን ገና ሳልጨርሰው መንገዱ በሰው ሞላ። ሁሉም መጣ። አንጥረኛው፣ የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ በሰኔ ማላኪን በትከሻቸው የተሸከሙት ሁሉ መጡ። ስድቡ ተጀመረ፣ ሳቁ ተጀመረ። ባርትሊም መጮህ ጀመረ።

ማላኪም መጣ።

የተጣፈውን ካፖርት ለብሶ፣ መንሹን ይዞ፣ እንደ ድሮው በአቋራጩ መጣ። አትራክታ «ባትሄድ ይሻልሃል» ብላ ለምናው እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። እሱ ግን ያለው ብቸኛ መልስ ይኸው ነበር፤ ቃላት አያውቅበትም፣ ስለዚህ እጁን ይዞ መጣ። ቢቀበሉት ሐሙስም ይድናል፣ ከሐሙስ በኋላ ያለው ዕድሜውም ይድናል። ሳቁ ከዳር ጀምሮ እየሞተ መሐል ድረስ ደረሰ።

ፌስተስ ወደ እሱ ሄደ። «እንደምን አደሩ አቶ ቱሂ?» አለው። ትናንት ጓዳ በር ላይ «አንተ ልጅ» ያለው ሰው ነው። «ስላሰቡን እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬስ ሰው ሞልቶናል።»

«ክምሩ ላይ ልውጣ እንጂ ፌስተስ። ቦታዬ እኮ ነው።»

ፌስተስ ወደ ክምሩ አየ። ሁላችንም አየን። የክምሩ አናት ላይ ዲሊያ ኪልቤን ቆማ ነበር። ሴት ክምር ላይ ስትወጣ አይቼ አላውቅም። የኮልማንን ቦት ጫማ ተጫምታ፣ ቀሚሷን በገመድ ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የባሏን መንሽ ይዛለች።

ማላኪ ከክምሩ ግርጌ ሄዶ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዲሊያ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ይህን ሁሉ ሰው እየሰማው ማለት ቀላል አይደለም። አንድ ቃልም አልተንተባተበም። እኔ በልቤ «በይ እንጂ፣ አንድ ቃል በይ፣ ያለቀለት ነገር እንዳይሆን» እያልኩ እጄን ፉጨቱ ገመድ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ዲሊያ ቁልቁል አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

«ይቅርማ ያልኩህ ያኔውኑ ማታ ነው ማላኪ» አለችው። «ኮልማንም ቢሆን ይቅር ይልህ ነበር። አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። ግን ያን ቀን አንተ ሳትኖር ክምሩ አለቀ። ምሳ ሳይደርስ ነው ያለቀው። ከአሁን ወዲያ ያለ አንተም እንችላለን አልኩ።» መንሹን በእጇ አስተካከለች። «አሁን ወደ ጎን በልልኝ፣ ነዶው እንዳይመታህ።»

ወደ ጎን አለ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ወደ ፌስተስ አየሁ፤ ፌስተስ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀልኝ። ገመዱን ሳብኩት። መኪናው ጮኸ፣ ቺንጋው ተወጠረ፣ የመጀመሪያው ነዶ ከዲሊያ መንሽ ተነስቶ መኪናው አፍ ውስጥ ቀጥ ብሎ ገባ። ወንዶቹ ሥራቸውን ያዙ።

ማላኪ መንሹን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ግቢው በር ሄደ። እዚያ ዘግይተው የሚገቡ ሦስት ሰዎች ከገጠር መንገዱ ወደ ውስጥ ሲያቀኑ አገኙት። ከሕፃንነቱ የሚያውቁት፣ ትናንት ምትክ የላኩበት ጎረቤቶቹ ናቸው። ገለል ብለው አሳለፉት፤ ሲያልፍም ሦስቱም ባርኔጣቸውን አነሱለት። በእኛ አገር ሲያልፍ ባርኔጣ የሚነሳለት ቄስና የሬሳ ሳጥን ብቻ ነው። ማላኪ ቄስ አልነበረም።